የንግድ ሕንፃን ለንብረት ግብር መገመት፦ የዋሽንግተን ዲሲ አሠራር ደረጃ በደረጃ

ይህ መመሪያ በከተማ ወይም በካውንቲ የግብር መሥሪያ ቤት የንግድ ንብረት ገማች ሆነው ሥራ ለሚጀምሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ሕንፃ ያላቸው ወይም የንግድ ቤት የተከራዩ ወገኖችም የመጣባቸው ግምት ከየት እንደተነሣ ለመረዳት ሊጠቀሙበት ይችላሉ። ግብሩን ለመንግሥት የሚያስገባው ባለሕንፃው ቢሆንም፣ በትሪፕል ኔት ውል (ተከራዩ ከኪራዩ ሌላ የሕንፃውን ግብር፣ መድንና ጥገና በሚሸፍንበት ውል) የተከራየ ባለ ምግብ ቤት ወይም ባለ ሱቅ ድርሻውን ከኪራዩ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ የገማቹ ስህተት መጨረሻ ላይ የሚያርፈው ብዙ ጊዜ በተከራዩ ላይ ነው።

ምሳሌያችን ዋሽንግተን ዲሲ ነው። ቨርጂኒያ ውስጥ ግምቱን የሚያወጡት ካውንቲዎቹና ከተሞቹ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ ሥራው የክልሉ መንግሥት ሲሆን ግምቱ በ3 ዓመት አንዴ ይታደሳል። የስሌቱ መሠረት ግን በ3ቱም ቦታ አንድ ነው።

የሚገመተው ምንድን ነው?

ሕጉ የሚጠይቀው የመሬቱንና የሕንፃውን ሙሉ የገበያ ዋጋ ነው። ሕንፃውን እንጂ ነጋዴውን አይገምቱም። የምግብ ቤቱ ስም፣ የመጠጥ ፈቃዱ፣ የባለቤቱ ጉብዝና፣ ምድጃውና ማቀዝቀዣው በዚህ ግምት ውስጥ ቦታ የላቸውም። የንግድ መሣሪያ በራሱ ቅጽ የሚታወጅ የተንቀሳቃሽ ንብረት ግብር ስላለው፣ እዚህም ካስገቡት ሰውየው ለአንድ ዕቃ 2 ጊዜ ይከፍላል። ይህ ልዩነት ከሁሉም በላይ የሚከብደው ሆቴል ላይ ነው። ከሆቴሉ ገቢ የአስተዳደር ክፍያውን፣ ለብራንዱ የሚከፈለውንና ለአልጋና ለዕቃ መተኪያ የሚቀመጠውን (በተለምዶ ከጠቅላላ ገቢ 4 በመቶ) ሳይቀንሱ ቢያሰሉ፣ የገመቱት ሕንፃውን ሳይሆን የሆቴል ንግዱን ይሆናል።

የቀን አቆጣጠሩ

የዲሲ የግብር ዓመት ኦክቶበር 1 ይጀምራል፤ ዋጋው ግን የሚቆረጠው ከዚያ በፊት ባለው ጃንዋሪ 1 ነው። የ2026 የግብር ዓመት ከኦክቶበር 1 ቀን 2025 እስከ ሴፕቴምበር 30 ቀን 2026 ሲሆን፣ ዋጋው ጃንዋሪ 1 ቀን 2025 በነበረው ገበያ ይሰላል። የግምት ማስታወቂያ እስከ ማርች 1 ይላካል፤ የመጀመሪያው ይግባኝ እስከ ኤፕሪል 1 ይቀርባል፤ ባለሕንፃው የሚሞላው የገቢና ወጪ ቅጽ እስከ ኤፕሪል 15 ይገባል። ግብሩ ማርች 31 እና ሴፕቴምበር 15 በ2 ጊዜ ይከፈላል።

እዚህ ላይ አዲስ ገማች ብዙ ጊዜ የሚስተው ነገር አለ። በኤፕሪል 2025 የገባው ቅጽ የሚናገረው ስለ 2024 ነው፤ ሥራ ላይ የሚውለው ግን ለጃንዋሪ 1 ቀን 2026 ግምት ነው። በእነዚህ ወራት ውስጥ ኪራይ ሊወርድ፣ ትልቅ ተከራይም ሊለቅ ይችላል። ከወረርሽኙ በኋላ የመሀል ከተማው የቢሮ ገበያ ሲዳከም፣ የቅጹን ቁጥር እንዳለ የወሰደ ሰው የትናንቱን ገበያ ነበር የገመተው። ቅጹን መነሻ ያድርጉት፤ ቀጥሎ በአዲስ ኪራይ ውሎች ወደ ግምቱ ቀን ያምጡት።

ደረጃ 1፦ መለያውንና ስፋቱን ማጣራት

እያንዳንዱ ንብረት በስኩዌር (የከተማ ብሎክ)፣ በሰፊክስ (ከብሎኩ ቁጥር ጋር የሚጻፍ ተጨማሪ ፊደል) እና በሎት (የመሬት ቁራሽ) ቁጥር ይታወቃል። የአድራሻ ቁጥር አይበቃም። አንድ ሕንፃ በ3 ሎት ላይ ሊያርፍ፣ ከጀርባው ያለው ፓርኪንግም በሌላ ሎት ተመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ፓርኪንጉን ለብቻው በመሬት ዋጋ ገምተው፣ የፓርኪንጉን ገቢ ደግሞ በሕንፃው ስሌት ውስጥ ካስገቡ አንዱን መሬት 2 ጊዜ ቆጥረውታል።

ቦታው ድረስ ይሂዱ። ሌዘር ሜትር፣ በፊት (ጫማ) የሚለካ ተጠቅላይ ሜትር፣ ካሜራ፣ የድሮውን የሕንፃ ንድፍና የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ ይያዙ። ውጪውን በእያንዳንዱ ጎን ለክተው ንድፉ መዝጋቱን እዚያው ቆመው ያረጋግጡ፤ የፊትና የኋላ ድምር እኩል ካልመጣ ቢሮ ገብተው የሚያስተካክሉት ነገር አይደለም። ከዚያ ወደ ውስጥ ገብተው የሚከተሉትን ይመዝግቡ፦

- ምድር ቤቱ ለምን እንደሚያገለግል (ደንበኛ የሚገባበት ነው ወይስ ዕቃ ማከማቻ?)
- ሊፍት፣ የእሳት ማጥፊያ መርጫ፣ የማሞቂያና ማቀዝቀዣ ሥርዓቱ ዕድሜ
- መጋዘን ከሆነ የጣሪያው ንጹሕ ከፍታ (ዕቃ ያለ እንቅፋት የሚደረደርበት) እና የጭነት በሮች ብዛት
- ባዶ የሆነው ቦታ፣ በየወለሉ

በውጪ ልኬት የተገኘው ጠቅላላ ስፋት ከሚከራየው ስፋት ጋር አንድ አይደለም። ባለሕንፃዎች የመተላለፊያውንና የመግቢያ አዳራሹን ድርሻ በተከራዩ ላይ ስለሚያካፍሉ፣ ውሉ ላይ ያለው ስፋት ተከራዩ ከሚረግጠው ይበልጣል። የትኛውን እንደተጠቀሙ በመዝገቡ ይጻፉ። ኪራዩን በውሉ ስፋት አካፍለው በጠቅላላ ስፋት ካባዙት፣ ከየትም ያልመጣ ገቢ ፈጠሩ ማለት ነው።

ደረጃ 2፦ ኪራዮችን ወደ አንድ መሠረት ማምጣት

የሥራው ልብ ይህ ነው፤ ጊዜዎን እዚህ ያጥፉ።

ከቅጹ ጋር የኪራይ ዝርዝሩን ይጠይቁ፦ ተከራይ፣ ወለል፣ ስፋት፣ የውሉ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የአሁኑ ኪራይ፣ ተከራዩ ለባለሕንፃው የሚመልሰው ወጪ። የሚፈልጉት የገበያ ኪራይ ነው፤ ከ12 ዓመት በፊት የተፈረመ ውል ስለ ዛሬው ገበያ ምንም አይነግርዎትም። ባለቤቱ ለራሱ ድርጅት ወይም ለዘመዱ ያከራየውም እንደዚያው። ከግምቱ ቀን በፊት በነበሩት 12 እስከ 18 ወራት የተፈረሙ ውሎችን ለይተው ያውጡ።

ቀጥሎ የተሰጠውን ቅናሽ ያውጡ። በስኩዌር ፊት 40 ዶላር፣ የ10 ዓመት ውል፣ 10 ወር ነፃ ነው እንበል። ከ120 ወር የሚከፈለው 110 ስለሆነ ኪራዩ በእውነቱ 36.67 ዶላር ነው። ባለሕንፃው ለተከራዩ ቦታ ማደሻ በስኩዌር ፊት 60 ዶላር ከሰጠ፣ ወለድ ሳይታሰብ በዓመት 6 ዶላር ነው፤ የሚቀረው 30.67። ባለንብረቱ ከባንክ ጋር ሲነጋገር 40ን፣ ከእርስዎ ጋር ሲነጋገር 30.67ን ሊጠራ ይችላል፤ ሁለቱም ውሸት አይደሉም። የማደሻ ወጪውን ከኪራዩ ካወጡ ግን በወጪው መስመር ወይም በካፕ ሬቱ (የዓመቱ የተጣራ ገቢ ለዋጋው ሲካፈል የሚገኘው መቶኛ) ድጋሚ አያስቡት።

ሦስተኛው ሥራ የውሉን ዓይነት ማስተካከል ነው። ምድር ላይ ያለው ሱቅ በትሪፕል ኔት፣ ፎቁ ላይ ያለው ቢሮ ሁሉንም ባጠቃለለ ኪራይ ሊከራይ ይችላል። እንዳሉ መደመር አይቻልም። ሱቁ 45 ዶላር ከፍሎ ሌላ 15 ዶላር ለግብር፣ ለመድንና ለጥገና የሚመልስ ከሆነ፣ በጥቅል ቋንቋ ኪራዩ 60 ነው።

ደረጃ 3፦ ስሌቱ

ባለ 3 ፎቅ ሕንፃ እንውሰድ፦ ምድር ላይ 4,000 ስኩዌር ፊት ሱቅ፣ ከላይ 8,000 ስኩዌር ፊት ቢሮ። ቁጥሮቹ ለማስተማሪያ የተመረጡ ናቸው።

ሱቅ 4,000 × 60 = 240,000
ቢሮ 8,000 × 38 = 304,000
ሊገኝ የሚችል ጠቅላላ ገቢ = 544,000
ያልተከራየና ያልተሰበሰበ፦ ሱቅ 5 በመቶ (12,000)፣ ቢሮ 15 በመቶ (45,600)
ትክክለኛ ጠቅላላ ገቢ = 486,400
የሥራ ወጪ ያለ ንብረት ግብር 12,000 × 9 = 108,000
አስተዳደር 4 በመቶ = 19,456
ለጣሪያና ለመሣሪያ መተኪያ 12,000 × 0.50 = 6,000
ከንብረት ግብር በፊት የተጣራ የሥራ ገቢ = 352,944

በወጪው ውስጥ የባንክ ብድር ክፍያ፣ የእርጅና ቅናሽ፣ የባለቤቱ የገቢ ግብርና የባለቤቱ የራሱ ደመወዝ አይገቡም። ቅጾች ላይ ግን ሁልጊዜ ተጽፈው ይመጣሉ፤ ሒሳብ ሠራተኛው ለገቢ ግብር ያዘጋጀውን ወረቀት ስለሚገለብጥ ነው። ጣሪያ የተቀየረበትን ዓመትም ይጠንቀቁ። 90,000 ዶላር አንዴ የወጣበት ጣሪያ የዓመት ወጪ አይደለም፤ በመተኪያው መስመር ውስጥ ታስቧል።

የንብረት ግብሩ ለምን ወጪ ውስጥ አልገባም? ግብሩ የሚወሰነው እርስዎ አሁን በሚያወጡት ዋጋ ስለሆነ ነው። አምና የተከፈለውን ግብር ቀንሰው ከሠሩ፣ የአምናው ግምት ስህተት ዘንድሮም ይቀጥላል። መፍትሔው የግብር መጠኑን ካፕ ሬቱ ላይ መጨመር ነው። በዲሲ ለንግድ ንብረት መጠኑ እስከ 5 ሚሊዮን ዶላር ለተገመተ 1.65 በመቶ፣ ከ5 እስከ 10 ሚሊዮን 1.77፣ ከ10 ሚሊዮን በላይ 1.89 ነው፤ ምክር ቤቱ ሊቀይረው ስለሚችል በየዓመቱ ያረጋግጡ። መነሻው ካፕ ሬት 7 በመቶ ቢሆን፦

7.00 + 1.65 = 8.65 በመቶ
352,944 ÷ 0.0865 = 4,080,277፣ ሲጠጋጋ 4,080,000 ዶላር

ማረጋገጫው ቀላል ነው። የ4,080,000 ግብር 67,320 ዶላር ነው። ከ352,944 ሲቀነስ 285,624 ይቀራል፤ በ0.07 ሲካፈል ወደ 4,080,000 ይመለሳል። ቁጥሩ ካልተመለሰ አንድ ቦታ ተሳስተዋል።

በጣም የተለመደው ስህተት ግብሩን ወጪ ውስጥም ቀንሶ፣ ካፕ ሬቱ ላይም መጨመር ነው፦ 285,624 ÷ 0.0865 = 3,302,000 ገደማ። ሕንፃው በ778,000 ዶላር አነሰ፤ ከተማው በዓመት 12,837 ዶላር አጣ፤ በትክክል የተገመተው ጎረቤት ደግሞ ያለአግባብ ብዙ ይከፍላል። በተቃራኒው፣ የሱቁን 15 ዶላር ተመላሽ ከገቢው ካስቀሩ ሙሉውን 1.65 መጨመር አይችሉም። በንጹሕ ትሪፕል ኔት ባለሕንፃው ግብር የሚከፍለው ላልተከራየው ክፍል ብቻ ነው፤ 5 በመቶ ባዶ ከሆነ የሚጨመረው 0.05 × 1.65 = 0.0825 በመቶ ነው።

መጠኑ በሚቀየርበት ወሰን አካባቢ ስሌቱ ይዞራል። ከግብር በፊት 436,825 ዶላር የሚያስገባ ሕንፃ በ8.65 ሲካፈል 5,050,000 ይሆናል። ይህ ከ5 ሚሊዮን ስለሚበልጥ መጠኑ 1.77 መሆን አለበት፤ በ8.77 ሲካፈል ግን 4,980,901 ይመጣና ተመልሶ ከወሰኑ በታች ይወድቃል። ከፍ ያለው መጠን የሚሠራው በሙሉው ዋጋ ላይ እንጂ ከ5 ሚሊዮን በላይ ባለው ብቻ አይደለም፤ ስለዚህ 1 ዶላር መሻገር ግብሩን ከ82,500 ወደ 88,500 ያስዘልላል። እንዲህ ያለ ንብረት ሲገጥም በሽያጭ ማነጻጸር ያጠናክሩት፤ የመረጡበትን ምክንያት በጽሑፍ ያስቀምጡ፤ ተመሳሳይ ሕንፃዎችንም በዚያው መንገድ ይያዙ።

ካፕ ሬቱ ከየት ይመጣል?

ከሽያጭ። በ6,000,000 የተሸጠ ሕንፃ ግብሩን ጨምሮ ሁሉም ወጪ ተቀንሶ 390,000 ካስገባ፣ 6.5 በመቶ ነው። ደላላ በማስታወቂያ ላይ የሚጽፈው ካፕ ሬት ግን ብዙ ጊዜ በሚጠበቅ ኪራይ የተሠራ፣ የአስተዳደርና የመተኪያ ወጪ ያልተቀነሰበት ነው። ከሽያጩ ካፕ ሬት ሲያወጡ የተከተሉትን አሠራር በግምቱም ይከተሉ። መተኪያ ሳይቀንሱ ያወጡትን ሬት መተኪያ በተቀነሰበት ገቢ ላይ ካዋሉት ውጤቱ ያለአግባብ ይወርዳል።

ሽያጩንም ያጣሩ። የሪከርደር ኦፍ ዲድስ (የንብረት ሰነዶች መመዝገቢያ ቢሮ) መዝገብ ዋጋውን ያሳያል እንጂ ታሪኩን አያሳይም። በዘመዶች መካከል የተደረገ፣ 5 ሕንፃ በአንድ ዋጋ የተሸጠበት፣ ባንክ የወረሰው፣ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለ15 ዓመት የተከራየው ሕንፃ ሽያጭ ከማስተካከያ ጋር ካልሆነ አያገለግልም። ትልልቅ ሕንፃዎች ደግሞ የባለቤትነት ድርጅቱ ድርሻ ተሸጦ ያለ ተራ ሰነድ እጅ ይለውጣሉ። ገዢውንም ሻጩንም ይደውሉ፤ 10 ደቂቃ የፈጀ ስልክ ከ1 ቀን የኢንተርኔት ፍለጋ ይበልጣል።

ባዶ የበዛበት ሕንፃ

40,000 ስኩዌር ፊት ቢሮ ነው፤ 40 በመቶው ባዶ፣ የአካባቢው ልማድ ግን 15 በመቶ ነው እንበል። 40ውን በስሌቱ ውስጥ አስገብቶ በካፕ ሬት ማካፈል ሕንፃው ለዘለዓለም ባዶ ይቀራል ማለት ነው። ባዶነቱን ችላ ማለት ደግሞ ገዢ የሚያወጣውን ገንዘብ መካድ ነው። ትክክለኛው መንገድ በ15 በመቶ ዋጋውን አውጥቶ፣ ትርፍ የሆነውን 25 በመቶ፣ ማለትም 10,000 ስኩዌር ፊት፣ ለማከራየት የሚያስፈልገውን ከመጨረሻው ዋጋ መቀነስ ነው፦ የ18 ወር ኪራይ በ38 ዶላር 570,000፣ ማደሻ በ60 ዶላር 600,000፣ የደላላ 6 በመቶ በ10 ዓመት ውል 228,000፤ ድምር 1,398,000 ዶላር። ተከራይ ሲገኝ ቅናሹ መነሣት አለበት፤ ስለዚህ በመዝገቡ ላይ የሚታይ ምልክት ያድርጉበት።

ሌሎቹ ሁለት መንገዶች

ሽያጭን ማነጻጸር ባለቤቱ ራሱ ለሚጠቀምበት ትንሽ ሱቅ፣ ለጋራዥ፣ ለንግድ ኮንዶሚኒየምና ለባዶ መሬት ይሻላል። መሀል ከተማ ያለ መሬት የሚነጻጸረው በመሬቱ ስፋት ሳይሆን የዞን ደንቡ በሚፈቅደው የወለል ስፋት ነው፤ ሕንፃ እንዳሻው እንዳይረዝም የሚገድበው የ1910 ሕግም አብሮ ይታያል።

በግንባታ ወጪ መገመት ለአዲስ ሕንፃና ኪራይ ለማይታወቅበት ልዩ ንብረት ነው። የግንባታ ወጪን ከሚዘረዝረው መጽሐፍ በስኩዌር ፊት የሚወጣውን ይያዙ፤ እርጅናውን፣ የአሠራር ጉድለቱንና ከውጪ የመጣውን የዋጋ ውድቀት ይቀንሱ፤ መሬቱን ይጨምሩ። ዲሲ ውስጥ በግንባታ ላይ ያለ ሕንፃ ግምት ውስጥ የሚገባው ሥራው 65 በመቶ ሲደርስ ነው፤ ስለዚህ ፎቶዎ ቀን ያለው ይሁን።

ደረጃ 4፦ የሁሉንም ግምት መፈተን

አንድ ሕንፃ ትክክል መሆኑ አይበቃም፤ ከጎረቤቱ ጋር እኩል መያዝ አለበት። ግምቱን ለሽያጩ አካፍለው ሬሾ ያውጡ። 5 ሽያጭ 0.82፣ 0.91፣ 0.95፣ 1.02፣ 1.15 ቢሰጡ መሃለኛው 0.95 ነው። እያንዳንዱ ከ0.95 የራቀበት 0.13፣ 0.04፣ 0፣ 0.07፣ 0.20፤ አማካዩ 0.088። ለ0.95 ሲካፈል 9.3 በመቶ ይሆናል፤ የመበታተን መለኪያው ይህ ነው። የዓለም አቀፉ የግብር ገማቾች ማኅበር፣ አይ ኤ ኤ ኦ፣ መሃለኛው ከ0.90 እስከ 1.10 እንዲሆን፣ የመበታተን መለኪያው ደግሞ ገቢ ለሚያስገኝ ንብረት በጥቅሉ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፤ ለትልቅ ከተማ 15።

ሬሾውን ለማሳመር የተሸጠውን ሕንፃ ብቻ ወደ ሽያጩ ዋጋ ማምጣት ግን ትልቅ ጥፋት ነው። ወረቀቱ ያማረ ይመስላል፤ ያልተሸጡት ግን ባሉበት ስለሚቀሩ አዲስ ገዢ ብቻ ይቀጣል። ሽያጩ ያስተማረዎትን ኪራይ ወይም ካፕ ሬት ለዚያ አካባቢ ሕንፃዎች በሙሉ ያውሉ።

ደረጃ 5፦ ይግባኝ

የመጀመሪያው ደረጃ የሚታየው በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ ነው። ቀጥሎ የንብረት ግብር ይግባኝ ኮሚሽን፣ ከዚያም የዲሲ ሱፒሪየር ኮርት አለ። ኮሚሽኑ ግምቱን የሚለውጠው ከገበያ ዋጋው ከ5 በመቶ በላይ ርቆ ሲያገኘው ነው። ለችሎቱ ይዘው የሚቀርቡት የስሌት ወረቀት፣ የኪራይ ማነጻጸሪያ፣ የካፕ ሬት ሽያጮችና ቀን ያለው ፎቶ ነው። የሌላ ባለንብረት የገቢ ቅጽ ምስጢር ስለሆነ፣ የአካባቢውን ኪራይ ከማን እንደመጣ በማይለይ ክልል (ለምሳሌ ከ34 እስከ 41 ዶላር) ያሳዩ።

ባለንብረቱ ያመጣው ማስረጃ ትክክል ከሆነ ችሎት ሳይደርስ ያርሙ። «ኪራዩ ወርዷል» የሚል ቃል ማስረጃ አይደለም፤ የተፈረመ ውል፣ የኪራይ ዝርዝርና የባንክ ሒሳብ ግን ነው፤ ምን እንደሚጎድለው በግልጽ ይንገሩት። የዲሲ የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ ከ2004 ጀምሮ አማርኛ ተናጋሪዎችንም ስለሚሸፍን፣ ባለንብረቱ አስተርጓሚ መጠየቅ መብቱ ነው። ቅጹን በጊዜ ካላስገባ የግብሩ 10 በመቶ ቅጣት እንደሚጨመርበትም በሚገባው ቋንቋ አስቀድሞ ሊሰማ ይገባል፤ ብዙ ሰው የሚያውቀው ከተቀጣ በኋላ ነው።

ውሳኔ ሲመጣ በመዝገቡ ላይ አዲሱን ቁጥር ብቻ አይጻፉ። የተለወጠው ኪራዩ፣ ባዶነቱ፣ ወጪው ወይስ ካፕ ሬቱ እንደሆነ፣ ለውጡም ለዚያ ዓመት ብቻ ነው ወይስ የሚቀጥል የሚለውን ይጻፉ። ለጃንዋሪ 1 ቀጣዩን ግምት የሚሠራው ሌላ ገማች ሊሆን ይችላል፤ የሚያገኘው ያንን ወረቀት ብቻ ነው።